አብርሃም ሊንከን በሕዝብ እንደራሴነታቸው ዘመን

አብርሃም ሊንከን በዓለም ዘንድ በሰፊው የሚታወቁት የዩናይትድ ስቴትስ 16ኛ ፕሬዚዳንት ሆነው አገራቸውን በእርስ በርስ ጦርነት ዘመን በመምራታቸውና ባርነት እንዲወገድ ባደረጉት ተጋድሎ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ፕሬዚዳንትነት ሥልጣን ከመምጣታቸው ከ10 ዓመታት በላይ አስቀድሞ፣ ለአንድ የምርጫ ዘመን ብቻ በኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆነው ማገልገላቸው እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። ይህ አጭር የሕይወት ታሪክ በዚያ የአገልግሎት ዘመን ላይ ያተኩራል። ሊንከን አዲስ እንደራሴ ሆነው ሥራ ሲጀምሩ ለመራጮቻቸው ሥራቸውን እንዴት ያሳውቁ እንደነበር፣ በተለይም መራጩ ሊሰማው የማይወደውን ጉዳይ ማስረዳት በተገደዱ ጊዜ ምን እንዳደረጉና ምን ዋጋ እንዳስከፈላቸው ያስረዳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና የመጀመሪያው የአገልግሎት ጊዜ

አብርሃም ሊንከን የካቲት 12 ቀን 1809 በኬንታኪ ግዛት ከግንድ በተሠራች አነስተኛ ጎጆ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የ7 ዓመት ልጅ ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ኢንዲያና ተዛወረ፤ በ1830 ደግሞ ወደ ኢሊኖይ ተሻገረ። በልጅነታቸው በመደበኛ ትምህርት ቤት የተማሩበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም። ከዚያ በኋላ ያገኙት እውቀት በሙሉ ከእርሻ ሥራ በተረፈ ሰዓት መጻሕፍትን እየተዋሱ በማንበብ ያካበቱት ነው።

በ1832 ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳሉ ለኢሊኖይ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ለመወዳደር ወሰኑ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ለአውራጃው ሕዝብ በጽሑፍ ባቀረቡት መግለጫ፣ ቢመረጡ ስለሚሠሩት ሥራ በዝርዝር አስታወቁ። የሳንጋሞን ወንዝ ለጀልባ ጉዞ እንዲመች ተጠርጎ እንዲስተካከል፣ የብድር ወለድ በሕግ እንዲገደብ፣ ትምህርትም ለሁሉም እንዲዳረስ የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ከ13 ተወዳዳሪዎች መካከል 8ኛ በመውጣታቸው አልተመረጡም። ሆኖም በሚኖሩባት በኒው ሴለም መንደር ከተሰጡት 300 ያህል ድምፆች ውስጥ 277ቱን አግኝተዋል። በቅርብ የሚያውቃቸው ሕዝብ እምነት እንደጣለባቸው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በቀጣዩ ዓመት በ1833 የኒው ሴለም የፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ደመወዙ አነስተኛ ቢሆንም ሥራው ከሕዝቡ ጋር በየዕለቱ ያገናኛቸው ነበር። ባለጉዳዩ ወደ ፖስታ ቤቱ መምጣት ሲያቅተው ደብዳቤዎቹን በባርኔጣቸው ውስጥ ይዘው እስከ ቤቱ ድረስ ያደርሱለት እንደነበር ይነገራል። ከዚህ ጎን ለጎን በረዳት መሬት ቀያሽነት ሠርተዋል። ስለዚህም የፖስታ አገልግሎት መዘግየትም ሆነ የመሬት ወሰን አለመስተካከል በአንድ ቤተሰብ ኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ችግር ሕግ አውጪ ከመሆናቸው በፊት በሥራ ላይ ሆነው አውቀውታል።

በ1834 በድጋሚ ተወዳድረው ለግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተመረጡ፤ በተከታታይም ለአራት የምርጫ ዘመናት፣ በድምሩ ለ8 ዓመታት አገለገሉ። በ1836 ለመራጮቻቸው ባወጡት አጭር መግለጫ የእንደራሴነትን ሥራ እንዴት እንደሚመለከቱት አስታውቀዋል። የመራጩን ፈቃድ በሚያውቁበት ጉዳይ ሁሉ በዚያ ፈቃድ እንደሚመሩ፣ በማያውቁበት ጉዳይ ደግሞ ለሕዝቡ ይጠቅማል ብለው በራሳቸው ሚዛን የተቀበሉትን እንደሚፈጽሙ ገለጹ። በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ይህ የሥራ መመሪያ፣ የመራጩ ስሜትና የእንደራሴው ሚዛን በአንድ ጉዳይ ላይ ሲለያዩ ምን ይደረጋል የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ አልፏል። ጥያቄው ከ11 ዓመታት በኋላ በዋሺንግተን ከተማ ፊት ለፊት ገጠማቸው።

ለኮንግረስ መመረጥ

ሊንከን ሕግን በራሳቸው ጥረት አጥንተው የጥብቅና ፈቃድ ካገኙ በኋላ በ1837 ወደ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተዛውረው በጥብቅና ሙያ ተሠማሩ። በ1842 ሜሪ ቶድን አግብተው ልጆች አፈሩ። በወቅቱ አባል የነበሩበት የዊግ ፓርቲ በኢሊኖይ ጥቂት ደጋፊ የነበረው ሲሆን፣ በአንድ ምርጫ ክልል ብቻ የተሻለ ተቀባይነት ነበረው። በዚህ ምርጫ ክልል የፓርቲው ታዋቂ ሰዎች ብዙ ስለነበሩ፣ በየተራ ለአንድ የምርጫ ዘመን ብቻ እየተወዳደሩ ቦታውን ለሚቀጥለው እንዲለቁ የሚያደርግ ልማድ ተፈጠረ። አስቀድመው ጆን ሃርዲን፣ ቀጥሎም ኤድዋርድ ቤከር አገለገሉ፤ ሦስተኛው ተራ የሊንከን ሆነ።

ነሐሴ 3 ቀን 1846 በተካሄደው ምርጫ ሊንከን የዴሞክራት ፓርቲ እጩ የነበሩትን ታዋቂውን ሰባኪ ፒተር ካርትራይትን 6,340 ለ4,829 በሆነ ድምፅ አሸነፉ። ኢሊኖይ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ከላከቻቸው 7 እንደራሴዎች መካከል የዊግ ፓርቲ አባል እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በዚያን ዘመን አሠራር አዲስ የተመረጠ እንደራሴ ሥራ የሚጀምረው ከረጅም ጊዜ በኋላ ስለነበር፣ ሊንከን በምክር ቤቱ የተቀመጡት ከ16 ወራት በኋላ ታኅሣሥ 6 ቀን 1847 ነበር።

በእነዚህ 16 ወራት ውስጥ የአገሪቱ ሁኔታ ተለውጦ ነበር። ምርጫው ከመካሄዱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ በግንቦት 1846 ዩናይትድ ስቴትስ ከሜክሲኮ ጋር ጦርነት ውስጥ ገብታለች። ከኢሊኖይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ዘምተዋል። ከሊንከን በፊት የምርጫ ክልሉን ወክለው የነበሩት ጆን ሃርዲንም በየካቲት 1847 በቡዌና ቪስታ ጦር ሜዳ ወድቀዋል። የምርጫ ክልሉ ሕዝብ ልጆቹን የላከበትንና ሙታኑን የቀበረበትን ጦርነት በክብር ዓይን ይመለከተው ነበር።

የሥራው መጀመሪያ

ሊንከን ከባለቤታቸውና ከሁለት ትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ዋሺንግተን ደርሰው ከኮንግረስ ሕንፃ አጠገብ በሚገኝ የእንግዶች ማረፊያ ቤት ተከራይተው ተቀመጡ። በምክር ቤቱም የሁለት ኮሚቴዎች አባል ሆነው ተመደቡ፤ አንደኛው የፖስታ ቤትና የፖስታ መንገዶች ኮሚቴ፣ ሁለተኛው የጦር ሚኒስቴርን ወጪ የሚመረምረው ኮሚቴ ነበር። ጥር 5 ቀን 1848 ባደረጉት አጭር ንግግር የተናገሩትም ስለ አንድ የፖስታ ማጓጓዣ ውል ነበር። ጥያቄው መንግሥት ለደብዳቤ ማመላለሻ የሚከፍለው ዋጋ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። ለሕግ ሥራ ባልደረባቸው ለዊልያም ኸርንደን በጻፉት ደብዳቤ፣ ይህን ንግግር ያደረጉት የምክር ቤቱን አሠራር ለመልመድ እንደሆነና በፍርድ ቤት ሲናገሩ ከሚሰማቸው ፍርሃት ያላነሰም ያልበለጠም እንደተሰማቸው አስታወቁ።

የአዲሱ እንደራሴ የዕለት ተዕለት ሥራ አብዛኛው በንግግር ሳይሆን በደብዳቤ የሚከናወን ነበር። ከምርጫ ክልላቸው አዲስ የፖስታ መስመር እንዲከፈት የሚጠይቁ፣ የጡረታ አበል የዘገየባቸው፣ ከመንግሥት የሚሰጥ መሬት የሚጠባበቁ፣ ለሥራ ቦታ ድጋፍ የሚሹ ሰዎች ይጽፉላቸው ነበር። ሊንከን የሕዝቡን አቤቱታ ለምክር ቤቱ ያቀርቡ፣ ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤትም ይጽፉ ነበር። በጽሕፈት የሚረዳቸው ሠራተኛ ስላልነበራቸው ደብዳቤዎቹን በገዛ እጃቸው ይጽፉ ነበር።

ከእነዚህ ጉዳዮች አንዱ የዘማቾችን መሬት ይመለከታል። በ1847 በወጣው ሕግ መሠረት በጦርነቱ ያገለገሉ ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ከመንግሥት መሬት እንዲሰጣቸው ተወስኖ ነበር። ነገር ግን በአገልግሎት ላይ ሳሉ ወደ መኮንንነት ያደጉት ሰዎች በዚሁ ማዕረግ ምክንያት መብታቸውን ያጡ ነበር። ሊንከን በግንቦት 1848 በምክር ቤቱ ተነሥተው ይህ ጉድለት እንዲታረም ጠየቁ። በጥሩ አገልግሎቱ የተሾመ ወታደር በሹመቱ ምክንያት ሊጎዳ እንደማይገባው አስረዱ። ጦርነቱን በሚመለከት ከመንግሥት ጋር በተከራከሩበት በዚያው ወቅት የዘማቾችን መብት ለማስከበር መቆማቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

በዘመኑ የኮንግረስ አባላት ደብዳቤና የታተመ ንግግር በፊርማቸው ብቻ፣ ያለ ክፍያ በፖስታ የመላክ መብት ነበራቸው። ሊንከን በዚህ መብት በሚገባ ተጠቅመዋል። የራሳቸውንና የሌሎችን አባላት ንግግር በራሳቸው ወጪ እያሳተሙ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎችን ወደ ምርጫ ክልላቸው ላኩ። በዚህም በስፕሪንግፊልድና በአካባቢው የሚኖር ገበሬ ወይም ነጋዴ፣ እንደራሴው በዋሺንግተን የተናገሩትን በጋዜጣ ላይ ከሚወጣ የተቃዋሚ ወይም የደጋፊ ትርጓሜ ሳይሆን ከራሱ ከንግግሩ ማንበብ ቻለ።

በጦርነቱ ጉዳይ የተነሣው ክርክር

ፕሬዚዳንት ጄምስ ፖልክ ጦርነቱ የተጀመረው ሜክሲኮ የአሜሪካን ምድር ወርራ በዚያ ምድር ላይ የአሜሪካውያንን ደም በማፍሰሷ ነው የሚል መግለጫ ሰጥተው ነበር። ሊንከን ታኅሣሥ 22 ቀን 1847፣ ሥራ ከጀመሩ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ስምንት ነጥቦች ያሉት የውሳኔ ሐሳብ ለምክር ቤቱ አቀረቡ። የመጀመሪያው ደም የፈሰሰበት ቦታ የት እንደሆነ፣ ቦታው በእርግጥ የአሜሪካ ግዛት እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎችም ለአሜሪካ መንግሥት ይገዙ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ፕሬዚዳንቱ እንዲያስረዱ የሚጠይቅ ነበር። ምክር ቤቱ በውሳኔ ሐሳቡ ላይ ድምፅ አልሰጠም፤ ፕሬዚዳንቱም መልስ አልሰጡም።

ጥር 3 ቀን 1848 ጦርነቱ ያለ አስፈላጊነትና ከሕገ መንግሥቱ ውጭ በፕሬዚዳንቱ የተጀመረ መሆኑን የሚገልጽ ማሻሻያ ለምክር ቤቱ ቀርቦ በ85 ድጋፍና በ81 ተቃውሞ ጸደቀ። ሊንከን የድጋፍ ድምፅ ሰጡ። ጥር 12 ቀንም ይህንኑ አቋማቸውን በሰፊው የሚያብራራ ንግግር አደረጉ። በሌላ በኩል ለዘመተው ሠራዊት ስንቅና ትጥቅ እንዲላክ የሚጠይቁ ረቂቆችን ይደግፉ ነበር። በእርሳቸው አመለካከት ጦርነቱን ማን እንደጀመረ መጠየቅና በጦር ሜዳ ያለውን ወታደር መርዳት የተለያዩ ጉዳዮች ነበሩ።

ይህ ልዩነት ግን በምርጫ ክልላቸው ተቀባይነት አላገኘም። የዴሞክራት ፓርቲ ጋዜጦች ሊንከንን የዘማቾችን ክብር የነኩ፣ የጠላትን ወገን የያዙ አድርገው ጻፉባቸው። ደም የፈሰሰበት ቦታ ይነገረን ማለታቸውን ይዘው የሚያላግጥ ቅጽል ስም አወጡላቸው። በአንዳንድ ቦታዎችም ሕዝባዊ ስብሰባዎች ተጠርተው አቋማቸውን የሚያወግዝ ውሳኔ ተላለፈ። ከሁሉ ይልቅ የከበደው ግን ከገዛ ወዳጆቻቸው መካከል ቅሬታ መነሣቱ ነበር። የሕግ ሥራ ባልደረባቸው ኸርንደን ሳይቀሩ አቋሙ ስሕተት መሆኑንና ፓርቲውን እንደሚጎዳ ጽፈው አስጠነቀቋቸው።

ሊንከን ለዚህ ቅሬታ የሰጡት ምላሽ የእንደራሴነት ዘመናቸውን ልዩ የሚያደርገው ነው። አቋማቸውን አልቀየሩም፤ ዝምታንም አልመረጡም። በየካቲት 1848 ለኸርንደን በጻፏቸው ሁለት ደብዳቤዎች ነገሩን በሁለት በኩል አስረዱ። አንደኛው የእውነት ጉዳይ ነው። ድምፅ እንዲሰጡ በተጠየቁ ጊዜ ጦርነቱ በትክክል ተጀምሯል ብለው ቢመሰክሩ ያላመኑበትን መመስከር ይሆንባቸው ነበር። ሁለተኛው የሥልጣን ጉዳይ ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅን ሥልጣን ለኮንግረስ የሰጠው፣ ነገሥታት በየጊዜው ሕዝባቸውን ለጥቅሙ እያሉ ወደ ጦርነት በመክተት ያደኸዩት ስለነበር፣ ይህ ኃይል በአንድ ሰው እጅ እንዳይወድቅ ታስቦ መሆኑን ገለጹ። ፕሬዚዳንቱ አስፈላጊ መስሎ በታያቸው ጊዜ ሁሉ ጎረቤት አገርን እንዲወርሩ ከተፈቀደላቸው ገደቡ የት እንደሚሆን ጠየቁ።

በግንቦት ወርም በኢሊኖይ ለሚኖሩ አንድ የታወቁ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ተመሳሳይ ማብራሪያ ጻፉ። አገልጋዩ የአሜሪካ መንግሥት በሜክሲኮ ላይ የወረራ ተግባር አልፈጸመም የሚል ንግግር አድርገው ነበር። ሊንከን ስለ መርህ ከመከራከር ይልቅ የተፈጸመውን ነገር በቅደም ተከተል አቀረቡ። ሠራዊቱ የሜክሲኮ ሰዎች በሰላም ወደሚኖሩበት ሰፈር ሲገባ ነዋሪዎቹ ሰብላቸውንና ቤታቸውን ጥለው መሸሻቸውን አስታውሰው፣ ይህ ድርጊት ምን ሊባል እንደሚገባው አገልጋዩ ራሳቸው እንዲፈርዱ ተዉላቸው።

የዘመኑ ፍጻሜ

ሊንከን ሌላ የሚፈልገው ሰው ከሌለ ሕዝቡ እንደገና ቢመርጣቸው እንደማይጠሉ ለወዳጃቸው ጽፈው ነበር፤ ሆኖም ቦታውን በየተራ ለመልቀቅ የገቡትን ቃል ጠበቁ። በነሐሴ 1848 የፓርቲያቸው እጩ ሆነው የቀረቡት የቀድሞ የሕግ ሥራ ባልደረባቸው ስቲቨን ሎጋን ነበሩ። ሎጋን በሜክሲኮ ጦርነት በዘመቱት በቶማስ ሃሪስ በ106 ድምፅ ልዩነት ተሸነፉ። ሎጋን በባሕርያቸው ከሕዝብ ጋር ለመቀራረብ የሚቸገሩ ሰው መሆናቸው ለሽንፈቱ አንዱ ምክንያት ተደርጎ ይነገራል። የሊንከን አቋም የነበረውን ድርሻ በተመለከተ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። በዚያን ጊዜ ግን ብዙዎች ጥፋቱን በሊንከን ላይ ጣሉ።

በሁለተኛው የምክር ቤቱ ጉባኤ በጥር 1849 ሊንከን በዋና ከተማዋ በዋሺንግተን ባርነት ቀስ በቀስ እንዲወገድ የሚያስችል የሕግ ሐሳብ አዘጋጁ። በከተማዋ ባሮች እንደ ከብት ተሰብስበው ወደ ደቡብ የሚላኩበት ቤት ከኮንግረስ ሕንፃ መስኮት ይታይ ነበር። ሐሳቡ ለባለቤቶቹ ካሣ እንዲከፈልና ጉዳዩ በከተማዋ መራጮች ድምፅ እንዲወሰን የሚል ነበር። ከሌላ ስፍራ ሸሽተው የሚመጡ ባሮች ተይዘው እንዲመለሱ የሚያዝም አንቀጽ ስለነበረው ባርነትን በጽኑ ለሚቃወሙት እጅግ የላላ፣ ለባሪያ ባለቤቶች ደግሞ እጅግ የጠነከረ ሆነ። ድጋፍ ለመስጠት ቃል የገቡላቸው ሰዎች ስላፈገፈጉ ረቂቁ ለውሳኔ ሳይቀርብ ቀረ።

በመጋቢት 1849 የእንደራሴነት ዘመናቸው አበቃ። የመንግሥት መሬት ጉዳዮች ዋና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለመሆን ቢጠይቁም ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የሩቁን የኦሪገን ግዛት እንዲያስተዳድሩ የቀረበላቸውን ሹመት ሳይቀበሉ ወደ ስፕሪንግፊልድ ተመልሰው የጥብቅና ሥራቸውን ቀጠሉ። በፖለቲካው መስክ የነበራቸው ተስፋ ያበቃ መሰለ።

የአቋማቸው መዘዝ በዚያ አላቆመም። በ1858 ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባልነት ከስቲቨን ዳግላስ ጋር በኢሊኖይ ሰባት ከተሞች ባደረጉት ታላቅ ክርክር፣ ተቃዋሚያቸው በመጀመሪያው ዕለት ያነሡባቸው ክስ ከ10 ዓመታት በፊት በሜክሲኮ ጦርነት ላይ የያዙትን አቋም የሚመለከት ነበር። ሊንከን በሕዝቡ ፊት ዳግም አስረዱ፤ ጦርነቱ በትክክል ተጀምሯል ብለው አለመመስከራቸውን፣ ለወታደሩ የሚሆን ስንቅና ደመወዝ ግን ከልክለው እንደማያውቁ ተናገሩ። በ1860 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ስለ ሕይወታቸው ባዘጋጁት አጭር ጽሑፍም ከሌላው ታሪካቸው ሁሉ አብልጠው ያንኑ ድምፅ ለምን እንደሰጡ በዝርዝር አስፍረዋል። ከ12 ዓመታት በኋላ የሰጡት ማብራሪያ በ1848 ለወዳጃቸው ከጻፉት ጋር አንድ ነበር።

በፕሬዚዳንትነት ዘመን

ሊንከን በኅዳር 1860 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በጦርነቱ አስጨናቂ ዓመታት ሳይቀር ባለጉዳዮችን በጽሕፈት ቤታቸው ተቀብለው የማነጋገር ልማድ ነበራቸው። የወደቀ ልጇን ደመወዝ የምትጠይቅ እናት፣ ምሕረት የሚለምን ወታደር፣ ሥራ የሚፈልግ ዜጋ በተራው ይገባ ነበር። ጸሐፊዎቻቸው ጊዜያቸውን እንዲቆጥቡ ሲመክሯቸው፣ ሥልጣን የሰጣቸው ሕዝብ ምን እንደሚያስብ የሚያውቁት በዚህ መንገድ መሆኑን በመግለጽ ልማዱን አልተዉም። ጥር 1 ቀን 1863 በአመፁ ግዛቶች የሚገኙ ባሮች ነፃ መሆናቸውን አወጁ፤ ባርነትን በመላ አገሪቱ የሚያስወግደው የሕገ መንግሥት ማሻሻያም በጥር 1865 መጨረሻ፣ እርሳቸው በአንድ ወቅት በተቀመጡበት የተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሚያዝያ 14 ቀን 1865 በቲያትር ቤት ሳሉ በጥይት ተመትተው በማግሥቱ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሊንከን በኮንግረስ ባሳለፉት ዘመን በስማቸው የሚጠራ ታላቅ ሕግ አላወጡም። ያቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ድምፅ አልተሰጠበትም፤ ያዘጋጁት ረቂቅም ለውሳኔ አልቀረበም። ሆኖም የመረጣቸው ሕዝብ እንደራሴው ምን እንደሠሩ፣ ለምን እንደሠሩና ምን ሳይሳካላቸው እንደቀረ ከራሳቸው ከእንደራሴው ሰምቷል። ሕዝቡ ማብራሪያውን የመቀበልም ሆነ ያለመቀበል መብቱ የተጠበቀ ነበር፤ በ1848 ብዙዎች አልተቀበሉትም። ሊንከን ይህን ውሳኔ አክብረው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ በሰጡት ድምፅ ምክንያት በየጊዜው ሲጠየቁም አንድም ጊዜ ከመመለስ አልሸሹም።